«ዜሮ» ከአንድ አይቀድምም

ገርጂ ውስጥ ፊልም በፍላሽ ከሚጭኑት ጠባብ ሱቆች በአንዱ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «የፌት አተያይ ቅደም ተከተል» ይላል። አንደኛ «ፌት ዜሮ»፣ ሁለተኛ «ፌት ስቴይ ናይት»፣ ከዚያ ሌላው ሌላው። ከግርጌው ደግሞ፣ ክርክር እንዳይነሳ ይመስላል፣ «በታሪኩ ዘመን መሠረት» የሚል ማኅተም መሰል ቃል ተጨምሮበታል። ሦስት ጎረምሶች ፍላሻቸውን ይዘው ተራ ይጠብቁ ነበር። ሦስቱም በወረቀቱ መሠረት አስጭነው ወጡ። ጫኙ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ «የእርስዎስ ጋሼ?» ሲለኝ የመጣሁበትን ረስቼ ከወረቀቱ ጋር ሙግት ገጠምኩ። ሙግቱ እዚያ አላለቀም፤ እነሆ እዚህ ቀጥሏል።

«ይህም ጉዳይ ሆኖ ይጻፍበታል? የጃፓን ካርቱን ከፊት ታየ ከኋላ ምን ይጎድላል?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሰው የሚጎዳው በዳቦ ዋጋ ብቻ ነው ብሎ ለሚያምን መልስ የለኝም። እኔ የማውቃቸው የቦሌ፣ የገርጂና የሰሚት ልጆች ግን ረጅም ታሪክ ይዞ መዝለቅን የተማሩት ከወፍራም ልብ ወለድ ሳይሆን አኒሜ ከሚሉት ከዚህ ፊልም ነው። ታሪክ እንዴት ምስጢር እንደሚቋጥርና እንዴት እንደሚፈታ የቀመሱት እዚያ ነው። ታዲያ ምስጢሩ ገና ሳይቋጠር ተፈትቶ ቢሰጣቸው የቀሩት ምን ይዘው ነው?

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። «ፌት ስቴይ ናይት» ሲጀመር ፊልም አልነበረም። ኪኖኮ ናሱ የጻፈው፣ ታይፕ ሙን የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ያወጣው፣ በኮምፒውተር እየተነበበ የሚኬድ ባለ ሥዕል ልብ ወለድ ነው። ሰባት አስማተኞች ምኞትን ይፈጽማል በተባለ ጽዋ ምክንያት ይዋጋሉ። እያንዳንዳቸው ከታሪክ ወይም ከአፈ ታሪክ አንድ የሞተ ጀግና ጠርተው ያሰልፋሉ። ዋናው ልጅ ሺሮ ይባላል (አትሳቁ፣ ስሙ ነው)። ከአሥር ዓመት በፊት ከተማውን ከበላ እሳት ውስጥ ኪሪትሱጉ የተባለ ሰው አውጥቶ ያሳደገው ልጅ ነው። የተጠሩት ጀግኖች በስማቸው አይታወቁም። ሴበር፣ አርቸር፣ ላንሰር፣ ራይደር፣ ካስተር፣ አሳሲን፣ በርሰርከር በሚል የማዕረግ ስም ብቻ ይጠራሉ። ምክንያቱም እውነተኛ ስሙ የታወቀ ጀግና ደካማ ጎኑም ይታወቃል፤ በምን እንደሞተ ተጽፎ ይገኛልና። እኛ አገር አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው ሲባል የፈረስ ስሙ ጠላት እንዲሰማው ነበር። እዚያ ግን ስም የሚወጣው ለመደበቅ ነው።

«ፌት ዜሮ» ሌላ ጸሐፊ፣ ጌን ኡሮቡቺ፣ ከ2006 እስከ 2007 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ከሺሮ ታሪክ አሥር ዓመት አስቀድሞ የተደረገውን ጦርነት ይተርካል። ዩፎቴብል የተባለው ስቱዲዮ በ2011 እና በ2012 በ25 ክፍል ፊልም አደረገው። ግሩም ፊልም ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አልከራከርም።

የዘመን ቆጣሪዎቹ ማስረጃ አንድ ነው፤ ቀድሞ የሆነ ቀድሞ ይታይ። አባት ከልጅ ይቀድማል፤ አድዋ ከማይጨው ይቀድማል፤ ዜሮስ ከአንድ ለምን አይቀድምም? ሲሰሙት ደንብ ይመስላል። ነገር ግን ይህ የዜና መዋዕል ደንብ እንጂ የተራኪ ደንብ አይደለም። ተራኪ ሁሉን በሆነበት ተራ የሚነግረን ከሆነ ከፖሊስ መዝገብ በምን ይለያል? በአብነት ትምህርት ቤት እንኳ ፊደል የለየ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ ነው ወደ ዳዊት የሚሻገረው። በዘመን ቢቆጠር ዳዊት ከዮሐንስ ሺህ ዓመት ይቀድማል። የኔታ ግን በዘመን አይቆጥሩም፤ የልጁን አፍ ያያሉ። (ይህ ምሳሌ ለእኔም ሙሉ በሙሉ እንደማያደላ አውቃለሁ፤ ዳዊት በመጻፍም ቀድሟልና። የሚያሳየው የማስተማር ተራ ከዘመን ተራ ሌላ መሆኑን ብቻ ነው።)

ደግሞስ የትኛው ዘመን? የ2004ቱ ሥራ ሦስት መንገዶች አሉት፤ «ፌት»፣ «አንሊሚትድ ብሌድ ወርክስ» እና «ሄቨንስ ፊል»። ሦስቱም በአንድ ከተማ፣ በእነዚያው ቀናት ይጀምራሉ፤ ሺሮ የሚመርጠው ይለያይና ታሪኩም ይለያያል። በቀን መቁጠሪያ እንያቸው ከተባለ ሦስቱን ቴሌቪዥን ጎን ለጎን ደርድሮ እኩል ማስጀመር ሊኖርብን ነው። ደራሲው ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። የመጀመሪያው መንገድ ሳይጠናቀቅ ሁለተኛው አይከፈትም፤ ሁለተኛው ሳይጠናቀቅ ሦስተኛው አይከፈትም። ሰውየው በር ሠርቶ ቁልፍ አድርጎበታል! የገርጂው ወረቀት ይህን ቁልፍ ሰብሮ የገባው በጓሮ በኩል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከላይ እንዳልኩት በዚያ ጦርነት የተደበቀ ስም ማለት የታሪኩ አከርካሪ ነው። ከሺሮ ጎን የምትሰለፈው ሴበር ማን ናት? ሺሮ አያውቅም፤ እኛም ከእሱ ጋር አናውቅም። እየገመትን፣ እየተሳሳትን፣ ሰይፏን ስትሸፍን ለምን እንደሆነ እየጠየቅን እንሄዳለን። «ዜሮ» ግን የተጻፈው ይህን ሁሉ ለጨረሰ ሰው ነውና ስሟን ገና ከደጃፉ ይናገራል። ለምን ይደብቅ? አንባቢው ያውቃታላ! (እኔ ማን እንደሆነች እዚህ አልጽፍም፤ የምከሰውን ወንጀል ራሴ መሥራት አልፈልግም።)

እዚህ ላይ ቴዎድሮስን ማንሳት ግድ ይለኛል። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ስለ ቴዎድሮስ ተውኔት ጽፈዋል። ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መቅደላን ያውቃል፤ በ1860 ዓ.ም. የሆነውን ከእናቱ ጉያ ጀምሮ ሰምቶታል። ንጉሡ በመጀመሪያው ገቢር ሲፎክር ሆዳችንን የሚያባባው ፍጻሜውን ስለምናውቅ ነው። ስሙን ሰምቶ ለማያውቅ እንግዳ ግን ያው ፉከራ ፉከራ ብቻ ነው። «ዜሮ»ም እንደዚሁ ነው። ኪሪትሱጉ ሲያሰላ፣ ሲያደባ፣ ለበጎ ነው እያለ ሲጨክን፣ የሺሮን ታሪክ አስቀድሞ ያየ ሰው እያንዳንዱ እርምጃ ወዴት እንደሚያደርስ ያውቃል። እሳቱን ያውቃል፤ ከእሳቱ የሚወጣውንም ልጅ ያውቃል። ልቡ የሚሰቀለው በዚህ ነው። «ዜሮ»ን ያስቀደመ ተመልካች እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይከስራል። የመጀመሪያውን ሥራ ምስጢር ያጣል፤ የሁለተኛውን ሐዘን ያጣል። በሰምና ወርቅ መመሰል ስለተደጋገመ አልመስልም፤ የገባው ገብቶታል።

ይህን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እኔ ራሴ ጥፋተኛ ነኝ። የዛሬ ስንት ዓመት ታናሽ ወንድሜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ «ወንድም ጋሼ፣ የቱን ልጀምር?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ በወጡበት ተራ አይቼ ጨርሻለሁ። ነገር ግን «ዜሮ»ን በጣም ወድጄው ስለነበር ቶሎ እንዲደርስበት ቸኮልኩ። «ከዜሮ ጀምር፤ የሚቀድመውም እሱ ነው» አልኩት። በአራት ሌሊት ጨረሰው፤ ወደደውም። ከዚያ የሺሮን ታሪክ አብረን ማየት ጀመርን። እኔን በጊዜዬ ከወንበሬ ያስነሳኝ ቦታ ደረሰ። ዞር ብዬ ፊቱን አየሁ። እያዛጋ ነው። «ይሄንማ አውቀዋለሁ እኮ» አለኝና ስልኩን ማየት ቀጠለ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ያን ሌሊት የነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ እንዳልመልስለት ደግሞ መጀመሪያ ጊዜ ማየት ሁለተኛ የለውም።

በእኛ ልጅነት እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ቢያንስ በክፋት አልነበረም። ከቪዲዮ ማከራያ የካራቴ ፊልም ክፍል አንድ ስንጠይቅ «ሰው ወስዶታል፣ ክፍል ሁለትን ውሰዱ» እንባል ነበር። ጀግናው መምህሩን ለምን እንደሚበቀል ሳናውቅ እንበቀላለን፤ በሳምንቱ መምህሩ በሕይወት ሆኖ እናገኘዋለን። ያ እጦት ነው። ዛሬ ግን ሁሉም በአንድ ፍላሽ ላይ አለ፤ የጠፋው ተራው ነው። ቴሌቪዥኑም ሌላ ጣጣ ነው፤ ፋይሎቹን በፊደል ከደረደረ ከክፍል 1 ቀጥሎ ክፍል 10ን ይከፍታል። ማሽን እንዲህ ቢሳሳት ማሽን ነው ይባላል። ሰው አስቦበት ወረቀት ሲለጥፍ ግን ምን ይባላል?

ተቃዋሚዎቼ አንድ እውነት አላቸው፤ አልክድም። በ2006 ስቱዲዮ ዲን ያወጣው ባለ 24 ክፍል «ስቴይ ናይት» ከዩፎቴብል ሥራ አጠገብ ሲቀመጥ ደሃ ነው። ሥዕሉ ደካማ ነው፤ የመጀመሪያውን መንገድ ተከትዬ እሄዳለሁ ብሎ ከሌሎቹ መንገዶችም እየቆነጠረ ይቀላቅላል። «ልጁ በሱ ከጀመረ ተሰላችቶ ይተወዋል» ይላሉ። ይሆናል። መፍትሔው ግን «ዜሮ» አይደለም። በ2014 እና በ2015 የወጣው «አንሊሚትድ ብሌድ ወርክስ» በዚያው በዩፎቴብል የተሠራ ነው፤ ያማረ ነው፤ ከሺሮ ጋር ይጀምራል። በሱ ጀምሩ የሚሉ አሉ፤ ከእነሱ ጋር ተጨባብጬ እለያያለሁ። ኮምፒውተር ላለውና እንግሊዝኛ ለሚያነብ ደግሞ ዋናው የ2004ቱ ሥራ ከ2024 ጀምሮ በእንግሊዝኛ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። ስለ ሕግ ካነሳን አይቀር፣ ስለ ቅጂ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከነዚያ ሱቆች ፊት ስቆም ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ ጽሑፉን ስጽፍም ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ አልቀመጥም።

ችግሩ የጃፓን ብቻም አይደለም። ጆርጅ ሉካስ «ስታር ዎርስ»ን በ1977 ጀምሮ በ1999 «ክፍል አንድ» የሚል ፊልም ሲያወጣ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ታናሽ የበኩር ስም ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ በ«አንድ» የሚጀምር ልጅ ሁሉ የ1980ውን ፊልም ትልቅ ምስጢር እንደ አሮጌ ወሬ ይሰማዋል። ቁጥር ያታልላል። ዜሮም ቁጥር ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ አገሩ ሁሉ ደራሲው በጻፈበት ተራ ሰማው። ዘሎ ልስማ የሚል ቢኖርም አይችልም ነበር፤ የዛሬን ሰምቶ ለቀጣዩ መጠበቅ ነው። ሰብለ ወንጌልና በዛብህ መጨረሻቸው ምን ይሆን ብሎ የተጨነቀው ሰው ሁሉ ጭንቀቱን ያገኘው ከዚያ ጥበቃ ነው። ዛሬ ያን ጥበቃ የሚያስገድድ የለም። ስለዚህ ኃላፊነቱ የወደቀው ታላቅ ወንድም ላይ፣ አስቀድሞ ያየ ጓደኛ ላይና ወረቀት የሚለጥፍ ጫኝ ላይ ነው።

የእኔ ተራ ይኸው፤ መጀመሪያ የ2006ቱ «ስቴይ ናይት»፣ ሁለተኛ «አንሊሚትድ ብሌድ ወርክስ»፣ ሦስተኛ በ2017፣ በ2019 እና በ2020 የወጡት ሦስቱ የ«ሄቨንስ ፊል» ፊልሞች፣ አራተኛና መጨረሻ «ዜሮ»። «ዜሮ ከ«ሄቨንስ ፊል» በፊት ይግባ፤ የወጣውም ቀድሞ ነው» የሚለኝ ሰው በራሴ ደንብ ይረታኛል። እረታለታለሁ፤ ከሺሮ በፊት አያስገባው እንጂ።

ባለፈው ሳምንት ወደዚያ ሱቅ ተመልሼ ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ወረፋው ረጅም ስለነበር ወደደም ጠላም ሰማኝ። «ጋሼ፣ ደንበኛው የሚፈልገው እንደ ወረቀቱ ነው» አለ። ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ጠየቅሁት። «የድሮው ልጅ ነው የጻፈው፤ እኔ ስገባም ነበር» አለኝ። እሱ ራሱ የቱን አስቀድሞ እንዳየ ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና «እኔማ ስቴይ ናይትን ነበር፤ ያኔ ዜሮ እዚህ አልነበረንም» አለ። ወረቀቱን አላነሳውም። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ከማኅደሮቹ ስም በፊት ቁጥር ጻፈባቸው። አሁን የመጨረሻው «4 ፌት ዜሮ» ይላል።