ከደመወዝ ወደ መወርወሪያ

የወር ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ ለቆ በእጁ ሠርቶ ለመኖር ወደ ቀዬው የሚመለስ ወጣት ሲያጋጥም በገጠር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንዱ «እንጀራውን ረገጠ» ብሎ ይፈርድበታል። ሌላው ባለ ሙያ አይወድቅም በማለት ያለ አንዳች ጥያቄ ያሞግሰዋል። ሁለቱም ሒሳብ ሳይሠሩ የሚሰጡ ፍርዶች ስለሆኑ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን ራሳቸው ሊመረምሩት ይገባል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጋሞ ደጋ ነው። የጨንቻና የዶርዜ ሸማኔ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ ገበያም የእጁ ሥራ ይሸጣል። የደጋው መሬት ጠባብ በመሆኑ ሽመና ከእርሻ ጎን ለጎን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከደቡብ ገጠሮች ብዙ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ በልብስ ስፌት ተቀጥረዋል። ሆኖም በአሜሪካ መንግሥት ውሳኔ ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ የፋብሪካዎች ትእዛዝ ቀነሰ፤ ሥራቸውን ያጡም ነበሩ። ስለሆነም ቋሚ የሚባለው ደመወዝ ራሱ በሩቅ ገበያ ላይ የተንጠለጠለ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

ይህ ሲባል ግን ደመወዝ ይናቅ ማለት አይደለም። ደመወዝ በክረምትም ይመጣል፤ የሸማ ገንዘብ ግን አይመጣም። ሸማ የሚሸጠው ለመስቀል፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ እንዲሁም እህል ገብቶ ሠርግ በሚደገስበት ወራት ነው። ክረምት ሲገባ ገበሬው ያለውን ለቀለብና ለማዳበሪያ ስለሚያውል ጋቢ የሚጠይቅ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ጥሪት የሌለው ሸማኔ ድርና ማጉን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ሠርቶ ሲጨርስም ነጋዴው በቆረጠው ዋጋ ያስረክባል። ይህ ሰው ከአንዱ ቅጥር ወጥቶ ሌላ ቅጥር ገባ ማለት ነው፤ አዲሱ አሠሪው ግን የወር ደመወዝ እንኳ አይቆርጥለትም። በዚህ ላይ የጥለት መልክ የታተመበት ርካሽ የፋብሪካ ጨርቅ ከውጭ እየገባ ገበያውን ይሻማዋል።

ሒሳቡም ቢሆን በጥንቃቄ መሠራት አለበት። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ የሚበላው ማግ ከነጠላ ጋር አይወዳደርም። ማጉን በእንዝርት የምትፈትለው አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም እናት ናት። የእርሷ የሥራ ቀን ካልተቆጠረ ትርፍ የተባለው የእርሷ ድካም ብቻ ይሆናል።

ከዚህ አኳያ የማኅበር መሪዎች ተግባር ግልጽ ነው። በመጀመሪያ ሥራውን ሊለቅ የሚያስበውን ወጣት አንድ ክረምት የሚያሻግር ጥሪት መያዙን ሊጠይቁት፣ ካልያዘም ደመወዙን ሳይለቅ በትርፍ ጊዜው እየሸመነ ገበያውን እንዲፈትን ሊመክሩት ይገባል። ሁለተኛ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እውን የሚሆነው ድሩ በጋራ ሲገዛ ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሸማኔዎች ተደራጅተው ድር በጅምላ ቢገዙና በክረምት የሠሩትን አከማችተው ለበዓል ቢያወጡት ከዱቤ ይድናሉ። ሦስተኛ፣ ሸማኔ እግሩን ከጉድጓድ ከትቶ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ በመሆኑ ዝናብ የማያስገባ፣ ብርሃን ያለው ቤት ያስፈልገዋል። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ቦታ ሲጠይቅ ዛሬ ነገ እያሉ ማመላለስ ጥሪቱን ያስበላዋል። አራተኛ፣ ሽመና ይማራሉ እየተባለ ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከትምህርት የሚለዩበትን መንገድ መዝጋት አለባቸው። ሙያው እዚያው በቀዬው ማስተማር ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የእጅ ሠራተኛን የመናቅ ልማድ ሊወገድ ይገባል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደንግጓል። ይሁንና ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ በስብሰባ ላይ ከበር አጠገብ የሚቀመጡበት ቦታ ዛሬም አልጠፋም። ወጣቱ ደመወዙን ለቆ ሲመለስ ከገበያው ይልቅ የሚፈራው ይህንን ከሆነ፣ ጥፋቱ የወጣቱ ሳይሆን የመንደሩ ነው። ይህን ለማረም በጀት አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እርሱንም ከፊት ወንበር ማስቀመጥና ሐሳቡን መጠየቅ በቂ ጅምር ነው።