መሣሪያውን ተክሉ ይምረጠው

ማስ ስፔክትሮሜትር ሊገዛ የተነሣ ላቦራቶሪ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ሻጩ ጎላ አድርጎ በጻፈው የመለየት አቅም ላይ ነው። 100,000 ከ50,000 ይበልጣል፤ የሚበልጠው ደግሞ ይሻላል ይባላል። የዕፅዋት ጭማቂ ለሚመረምር ሰው ይህ ስሌት ያሳስታል። ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ጦስኝ እንውሰድ። ያ ሽታው በአመዛኙ የታይሞልና የካርቫክሮል ሥራ ነው። ሁለቱም 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅንና 1 ኦክስጅን ስላላቸው ክብደታቸው ያው 150 ነው። እኩል የሚመዝኑ ነገሮችን የቱንም ያህል ረቂቅ ሚዛን በመመዘን ብቻ አይለያቸውም። በኤሌክትሮን ተመትተው ሲሰባበሩ እንኳ ጎልቶ የሚታየው ስባሪ የሁለቱም 135 ነው። የሚለያቸው ከሚዛኑ በፊት ያለው ቀጭን ቱቦ ነው፤ በተለመደው ዓይነት ቱቦ ታይሞል ቀድሞ ይወጣል፣ ካርቫክሮል ጥቂት ዘግይቶ ይከተላል። እንግዲህ ለጦስኝ ባለ አንድ ኳድሩፖል ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ከሁለቱ ንጹሕ ናሙናዎች ጋር፣ ይበቃል።

ይኸው መሣሪያ እንዶድ ሲቀርብለት ግን አቅም ያጣል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ሞተው ያገኟቸውን ቀንድ አውጣዎች የገደለው ሳፖኒን ነው። ስኳር የተሸከመ ከባድ ውህድ በመሆኑ ወደ ጋዝ ሳይለወጥ በሙቀት ይፈርሳል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊና ኤሌክትሮስፕሬይ ነው። የመርዙን መጠን በየፍሬው መለካት ለሚፈልግ ደግሞ ባለ ሦስት ኳድሩፖሉ ይመረጣል።

«ያልታወቀ አዲስ ውህድ የምንፈልግ ተመራማሪዎችስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። እንደ ኦርቢትራፕ ያለው ባለ ከፍተኛ አቅም መሣሪያ የውህዱን ቀመር ለመገመት አቻ የለውም። ቀመር ግን ቅርጽ አይደለም፤ ታይሞልና ካርቫክሮል ያሳዩን ይህንኑ ነው። አዲስ ውህድ አገኘሁ ለማለት በመጨረሻ ቅርጹን ወደሚያሳየው ኤንኤምአር መሄድ አይቀርም። ባለ ከፍተኛ አቅሙን ውድ ማስ ስፔክትሮሜትር ብዙ ተቋማት ተጋርተው ቢይዙት እደግፋለሁ፤ የአንድ ላቦራቶሪ የመጀመሪያና ብቸኛ ግዢ መሆኑን ግን አልቀበልም። ኦርቢትራፕ ቀን ከሌት የማይቋረጥ እጅግ ጥልቅ ቫኩምና የማይዋዥቅ የክፍል ሙቀት ይሻል። መብራት ድንገት ጠፍቶ አየር ከገባበት ወደ ሥራው የሚመለሰው ተራው ኳድሩፖል ከሚፈጅበት ጊዜ በላይ ቆይቶ ነው። ተራውም ቢሆን ሂሊየም ይፈልጋል፣ የፓምፕ ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ የጨረታው ሰነድ የተክሉንና የሚፈለገውን ውህድ ስም በመጀመሪያው መስመር ያስፍር፤ በሁለተኛው ደግሞ የአምስት ዓመት የጋዝ፣ የመለዋወጫና የጥገና ወጪ፣ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ተደምሮ።