ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ስንት ካሬ ቢሮ ይበቃል?

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት የተሟገትነው ስለ ማንነት፣ ስለ ውክልናና ስለ በጀት ነበር። ስለ ቢሮ ኪራይ ያነሳ ሰው አላጋጠመኝም። ይሁንና የጉራጌ ዞን ተከፍሎ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ወልቂጤ ደግሞ የቀረውን ዞን ይዛ ስትቀጥል፣ የክልሉ ቢሮዎችም ሆሳዕና ላይ ብቻ ሳይከማቹ ለተለያዩ ከተሞች ሲደለደሉ፣ በሁለቱ ከተሞች የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጠበቃና የግንባታ አማካሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ተደቀነበት። ስንት ካሬ ልከራይ?

ሁለቱን ከተሞች የሚያውቅ ሰው ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ወልቂጤ በጅማ መስመር ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቡታጅራ ያለችው በሌላ መንገድ፣ ወደ ወራቤና ሆሳዕና በሚወስደው ላይ ነው። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች አሉ። የመስቃንና የሶዶ ሰው የዞን ጉዳይ ሲኖረው ለዓመታት ወልቂጤ ድረስ ሲመላለስ ኖሯል። አሁን ጉዳዩ ቡታጅራ ያልቃል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ደንበኛ የነበረው የወልቂጤ ባለሙያ፣ ከተማው ሲደምቅ እያየ ሰፊ ቢሮ ቢያምረውም፣ የምሥራቁ ፋይል ከእጁ እየወጣ መሆኑን ማሰብ አለበት። ቡታጅራ ያለው ደግሞ «የዞን ከተማ ሆነናል» ብሎ አንድ ፎቅ ሙሉ ለመያዝ ይቸኩላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱም የሚለኩት ከተማቸውን ነው፤ መለካት የነበረባቸው ግን የራሳቸውን ሥራ ነው።

ነገሩን የሚያባብሱት ባንኮች ናቸው። ባንክ ቅርንጫፍ ሲከፍት መንገድ ዳር ያለውን ምድር ቤት ይይዛል፣ የዓመታት ኪራይ በአንድ ጊዜ መክፈልም ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። የሕንፃው ባለቤትም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት፣ ለሦስት ሠራተኛ ክፍል የሚፈልገውን ወጣት ሲያነጋግር የባንኩን ዋጋ በልቡ ይዞ ነው። ባንኩ ግን የሚከፍለው ለታይታና ለደኅንነት ጭምር ነው። ወጣቱ የሚያስፈልገው ወንበር ማስቀመጫ ነው።

ከወንበሩ እንጀምር። ጠረጴዛ፣ ወንበርና መተላለፊያ ሲታሰብ ለአንድ ሠራተኛ ከ6 እስከ 8 ካሬ ይበቃል ብንል፣ አምስት ሰው ያለው የሒሳብ ቢሮ 40 ካሬ አካባቢ ይፈልጋል። በዚህ ላይ የቦክስ ፋይል ቦታ ይጨመራል። ይህን ብዙዎች ይረሱታል። የደንበኛ ሰነድ ለዓመታት መቀመጥ ስላለበት፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዱን ክፍል የሚይዘው ሰው ሳይሆን ወረቀት ነው። ነገር ግን ወረቀት የመንገድ ዳር እይታ አይፈልግም፤ ርካሽ የሆነ የጓሮ ክፍል ይበቃዋል። «60 ካሬ» ሲባልም ኮሪደሩና ደረጃው ታስቦ እንደሆነ መጠየቅና ራስ ሜትር ይዞ መለካት ነውር የለውም።

ቀጥሎ ተስፋ የሚባለው ነገር ይመጣል። ዛሬ ሦስት ሠራተኛ አለኝ፣ በሦስት ዓመት ስምንት ይሆናሉ ብሎ ለስምንት ሰው የሚከራይ አለ። ለምሳሌ ትርፉ 30 ካሬ ቢሆንና ካሬው በወር 300 ብር ቢታሰብ፣ በዓመት 108,000 ብር ለባዶ ወንበር ተከፈለ ማለት ነው። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀ ግማሹ ገና ሥራ ሳይጀመር ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእቁብ ነው። እጣው ለኮምፒውተርና ለደመወዝ መሆን ሲገባው ለጂፕሰም ፓርቲሽን ያልቃል።

ይህን ስል ጠባቡ ሁልጊዜ ያተርፋል ማለቴ አይደለም። አንዲት ሴት የፍቺ ጉዳይዋን ለጠበቃ ስትነግር ሌላው ባለጉዳይ አጠገቧ ቁጭ ብሎ የሚሰማበት ቢሮ አይቻለሁ። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ዋናውንም ነገር ሳትናገር ወጣች። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የሐኪምና የሒሳብ አዋቂ ጉዳይም ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ በር ያለው አንዲት ትንሽ ክፍል ከሰፊ መቀበያ አዳራሽ ትቀድማለች።

በሳምንት ሁለት ቀን ለምትሠራ የስብሰባ ክፍል ግን ዓመቱን ሙሉ መክፈል አይገባኝም። ጉራጌ በየደጁ ፊት ጀፎረን ሰፊ አድርጎ የተወው ለአንድ አባወራ አይደለም፤ ለሠርጉም፣ ለለቅሶውም፣ ለሸንጎውም የሁሉም ነው። አንድ ፎቅ ላይ ያሉ አራት ቢሮዎች አንድ የስብሰባ ክፍል ቢጋሩ ለአገሩ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራይ ከሁለት ዓመት ያላነሰ ውልና የኪራይ ጭማሪ ገደብ ያስገኘው ለመኖሪያ ቤት ነው። ቢሮና ሱቅ አይመለከተውም። የቢሮ ተከራይ ጥበቃው በዋናነት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግና ራሱ የፈረመው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ደላላ ያቀረበው ባለአንድ ገጽ ቅጽ ነው፤ ስለ ዋጋ ይናገራል፣ ስለ ማደግና ስለ መቀነስ ምንም አይልም። ረጅም ውል የሚፈልግም ቢሆን ማስመዝገቡን አይተው፤ ሕንፃው ተሸጦ አዲስ ባለቤት ሲመጣ ያልተመዘገበ የረጅም ዘመን ውል ይዞ መከራከር ያስቸግራል።

ረጅም ኪራይ ከአጭር ገቢ ጋር ሲጋጭ ምን እንደሚሆን ለማየት አሜሪካን መመልከት ይቻላል። ዊወርክ የተባለው ኩባንያ ሕንፃዎችን በረጅም ውል እየያዘ በአጭር ውል ሲያከራይ ኖሮ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ተገዷል። የኛ ሰው ያን ያህል ገንዘብ የለውም፤ የሚወድቀውም ፈጥኖ ነው።

እኔ ዛሬ ብከራይ ወልቂጤ ላይ ለአሁኑ ሠራተኛ የሚበቃ ክፍል በአንድ ዓመት ውል እይዛለሁ፤ የዞኑ ሥራ በምን ያህል እንደሚረጋ ቀስ ብሎ ይታያል። ቡታጅራ ላይ ሁለት ዓመት እፈርማለሁ። በሁለቱም ውል ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስጨምራለሁ። አንደኛው፣ ጎን ያለው ክፍል ሲለቀቅ ቅድሚያ ለእኔ እንዲቀርብ፤ ሁለተኛው፣ የተረፈኝን ክፍል ለሌላ ማከራየት እንድችል። አከራዩ እነዚህን አልቀበልም ካለ፣ የስድስት ወሩን ቅድሚያ ወደ ሦስት ወር እንዲያወርድልኝ እጠይቀዋለሁ።