ድሮኑን አውርዱና ተንበርከኩ

ከአዊ ዞን የሚለጠፉትን ፎቶዎች እስቲ ቁጠሩልኝ። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚጋልቡ ፈረሶች፣ ዘንገና ሐይቅ በድሮን፣ ከዚያ ደግሞ... ዘንገና በድሮን። ያምራሉ፣ ማን ይክዳል? ግን አብዛኞቹ የተነሱት ፀሐይ ከወጣ፣ ቁርስ ከተበላ በኋላ ነው። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ብርዷ የት ሄደ?

የኔ ክርክር አጭር ነው፦ የደጋ ብርድ ከሩቅ አይነሳም። ውርጭ የሚታየው ከአንድ ስንዝር ርቀት ነው። ቀርቦ ያላየ ሰው ብርዱን ብቻ ሳይሆን ብርዱ የሚያደርሰውንም ጉዳት አያይም።

ከላይ ማየትን የለመድነው ለቱሪስት መሸጥ ስለለመድን ይመስለኛል። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያወጡት «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለው መፈክር በ«ምድረ ቀደምት» ከተተካ ቆይቷል፤ ዓይናችን ግን እዚያው ቀርቷል። የሚገርመው፣ ውርጩን የሚያመጣው ያው የምንመካበት ጥርት ያለ ሰማይ ነው። ደመናና ንፋስ በሌለበት የበጋ ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ቅጠሉ በዙሪያው ካለው አየር የበለጠ ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በቅጠሉ ጠርዝና ፀጉር ላይ በረዶ ይሠራል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ተዳፋቱ ላይ ያለው ማሳ ተርፎ ከታች ያለው የሚመታው።

አማርኛ ይህን ሁሉ ለይቶ ያውቃል። ጤዛ አለ፣ አመዳይ አለ፣ ውርጭ አለ፣ በረዶ አለ። እኛ ግን ነጭ ነገር ባየን ቁጥር «በረዶ» ብለን እንለጥፋለን። ትምህርቱን ከዩቲዩብ ስለቀዳን «ዊንተር»ንም «ክረምት» እንለዋለን። ኧረ ጎበዝ! የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ውርጩ የሚመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለምን ይመስላችኋል?

«እኔ አርቲስት ነኝ እንጂ የግብርና ባለሙያ አይደለሁም» የሚል አይጠፋም። እሺ። ነገር ግን ያ በብርሃን የሚያብረቀርቅ ቅጠል የድንች ቅጠል ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ውሃ ረግቶ ሕዋሱን ሰብሮታል፤ ፀሐይ ሲሞቅ ጠውልጎ ይጠቁራል። ሰውየው ዘር፣ ማዳበሪያና ጉልበት ያፈሰሰበትን ማሳ «ውበት» ብለህ ለጥፈህ፣ የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅህም። ማሳ ስቱዲዮ አይደለም። መጀመሪያ «እንዴት አደሩ» ይባላል፣ ይፈቀዳል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። ጠዋት ነጩን ያነሳ ሰው እኩለ ቀን ላይ ተመልሶ ጥቁሩንም ያንሳ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማስረጃ ይሆናሉ። የአየር ሙቀት መለኪያ የሚቀመጠው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ነው፤ እሱ ከዜሮ በላይ 2 ዲግሪ እያለ ከታች ቅጠሉ ሊረጋ ይችላል። የቅርብ ፎቶ መለኪያው የማያየውን ያያል።

ይህን ከኔ በፊት ያሳየ ገበሬ አለ። የአሜሪካዋ ቨርሞንት ሰው ዊልሰን ቤንትሊ ካሜራውን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ እ.ኤ.አ. በ1885 የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሳ፤ እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አንስቷል። ውርጭና ጤዛም አልቀሩትም። ከተማ ሄዶ አይደለም፤ እርሻው ላይ ሆኖ ነው።

«ማክሮ ሌንስ ውድ ነው» ደግሞ ሁለተኛው ሰበብ ነው። ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ሌንስ ይበቃል፤ ካሜራ ያለው ሌንሱን ገልብጦ ይሞክር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ማሳው ዳር ካልደረሳችሁ፣ 2 ሰዓት ላይ የምታገኙት ውሃ ነው። ባትሪያችሁን ደረት ኪሳችሁ አሙቁ፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል። ትንፋሻችሁን ያዙ፤ ቅንጣቱን ያቀልጠዋል። ነጩ ግራጫ ሆኖ እንዳይወጣ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሩ። እሳት ወዳለበት ቤት ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት፤ አለበለዚያ ሌንሱ ያልበዋል።

ግሊሰሪን ረጭቶ «የማለዳ ጤዛ» የሚል፣ ነፍሳትን ፍሪጅ ውስጥ አደንዝዞ «የተፈጥሮ ፎቶ» የሚል አለ። ለእሱ ምክር የለኝም፤ ተፈጥሮ የሚለውን ቃል ብቻ ይተውልን።

ለእንጅባራና ለዳንግላ ልጆች ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዛሬ ጀምሮ የውርጭ ፎቶ ስትለጥፉ ቀኑን፣ ቀበሌውንና የተክሉን ስም ጻፉበት፤ አማርኛውንም፣ እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ አውኝኛውንም። 10 ዓመት ሙሉ እንዲህ ከተጻፈ፣ ውርጩ መቼ እንደሚመጣና የትኛውን ረባዳ እንደሚመታ ለሚጠይቅ ገበሬ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።