ሐኪም ለመሆን የሚሄደው ማነው? ሲመለስስ የሚያገለግለው ማንን ነው?

ወደ ባሕር ማዶ የሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ማመልከት በቅርጹ ሲታይ የአንድ ወጣትና የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ይመስላል። በይዘቱ ግን ማኅበራዊ ጥያቄ ነው። ሐኪም የሚፈጠረው በራሱ ትጋት ብቻ አይደለም፤ ፊደል ያስቆጠረው መምህር፣ ግብር የከፈለው ገበሬ፣ ቡናውን ሸጦ ያሳደገው አባት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ስለዚህ የነቀምት፣ የጉቶ ጊዳ፣ የጊምቢ ወይም የደምቢ ዶሎ ወጣት «ውጭ ሄጄ ሐኪም ልሁን» ብሎ ሲነሣ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይነሣሉ። በሩ በተጨባጭ የሚከፈተው ለማን ነው? የተማረውስ ሲመለስ የሚያገለግለው ማንን ነው?

ጉዳዩን በታሪካዊ ሂደቱ መመርመር ያስፈልጋል። በወለጋ ዘመናዊ ሕክምና ሥር የሰደደው የውጭ ሐኪሞች ወደዚያ በመምጣታቸው ነበር። በነቀምት የስዊድን፣ በጊምቢ የአድቬንቲስት፣ በአይራ የጀርመን ሚሲዮኖች ሕሙማንን ያክሙ ነበር። ሐኪሙ ከባሕር ማዶ ሲመጣ የአገሩ ልጅ ድሬሰርና አስተርጓሚ ይሆን ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ የተጓዙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር በሕክምና የተመረቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቱ እንኳ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች የተወሰዱ እንጂ አመልክተው የሄዱ አልነበሩም።

ከዚያም በኋላ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 እስኪቋቋም ድረስ ሐኪም መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ እንደ ቤይሩቱ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወዳሉ የውጭ ተቋማት መሄድ ነበረበት። ጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ጀምሮ በ1978 ከላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የሕክምና ትምህርት ቤት ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የውጭ ትምህርት መመዘኛው «ስንት ሰው ተላከ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «በአገር ውስጥ ምን ተቋም አፈራ?» የሚለውም ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በነቀምት ሐኪም ማሠልጠኑ የዚሁ ረዥም ሂደት አንድ ፍሬ ነው።

የዛሬው ተጨባጭ ሁኔታ ግን የራሱ ቅራኔ አለው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የአገር ውስጡ በር እንዲህ ሲጠብ «ገንዘብ ካለ ውጭ አገር ሐኪም ትሆናለህ» የሚለው የደላላ ድምፅ ጆሮ ያገኛል። እውነታው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት በቅድሚያ የመጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ የውጭ ዜጋ የሚቀበሉት ጥቂቶቹ ትምህርት ቤቶች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል የዓመታት ክፍያ በቅድሚያ በባንክ ተቀማጭ እንዲሆን የሚጠይቁ አሉ። ወደ ሩሲያ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ለቋንቋ ይሰጣል። በቻይና ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሰጥም በሽተኛው የሚናገረው በቻይንኛ ነው።

በዚህ ላይ የርቀት ጫና ይጨመራል። ማስረጃ ለማረጋገጥና ቪዛ ለመጠየቅ ከነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስ ግድ ይላል፤ ግጭት መንገዱን በዘጋባቸው ጊዜያትም ይህ የማይቻል ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የማመልከቻ ቀን ግን ኔትወርክ እስኪመለስ አይጠብቅም። እንግዲህ ማጣሪያው ችሎታን ብቻ ሳይሆን አድራሻንና ኪስንም የሚመዝን መሆኑ ግልጽ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። የመጀመሪያው ወደ ውጭ መሄድን እንደ ክህደት የሚቆጥር ነው። ይህ አመለካከት ሰው የሚኖርበትን ሁኔታ ይዘነጋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ሥራ ሁኔታቸው ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ለኑሮው ዋስትና የሌለውን ሐኪም በስብከት ብቻ ማቆየት አይቻልም።

ሁለተኛው ጉዳዩ የግል መብት ብቻ ነው የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ወለጋም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር። በባዶ እግሩ ቀይ አፈር የሚረግጠውን ገበሬ የሚያጠቃው የእግር ዝሆኔ በባሕር ማዶ የመማሪያ ክፍል ቢነሣ በጨረፍታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀው የጤና ባለሙያዎች ምልመላ ደንብ ሀብታም አገሮች እጥረት ካለባቸው አገሮች ባለሙያ በዘመቻ እንዳይወስዱ ያሳስባል፤ ኢትዮጵያም በ2023 በወጣው የጥበቃ ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች። ሆኖም ደንቡ በውዴታ የሚፈጸም እንጂ አስገዳጅ አይደለም። የሕዝቡን ጥቅም የሚያስከብረው የአገር ውስጥ ሥራ ነው።

ታዲያ ምን መደረግ አለበት? አንደኛ፣ ቤተሰብ ከብቱን ሸጦ ለደላላ ከመክፈሉ በፊት ትምህርት ቤቱ በዓለም የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማውጫ ውስጥ መኖሩን፣ በራሱ አገር ዕውቅና ማግኘቱን፣ ዲግሪውም በኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ተቀባይነት የሚኖረው መሆኑን ማረጋገጥ ይገባዋል። በማውጫው መመዝገብ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ሁለተኛ፣ ስለ ነፃ የትምህርት ዕድሎች የሚወጣው መረጃ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በግልጽ ሊለጠፍ፣ የማስረጃ ማረጋገጡም ሥራ እስከ ነቀምት ሊወርድ ይገባል። ሦስተኛ፣ መንግሥት የሚልከው ተማሪ ግዴታውን፣ መንግሥትም የሚመልሰውን ሐኪም የሚቀጥርበትን ቦታ አስቀድመው በውል ሊያውቁ ይገባል። ግዴታ ከአንድ ወገን ብቻ ሲሆን አይጸናም።

የገበሬው ልጅ ከባለሀብቱ ልጅ እኩል ማመልከት ሲችል፣ ተምሮ ሲመለስም መድኃኒትና ደመወዝ ያለበት ሆስፒታል ሲጠብቀው፣ የሄደው ሰው የጠፋ ሳይሆን የተላከ ይሆናል።