መስታወት ማኅደር አይደለም

በየትምህርት ክፍሉና በየቤተ ሙከራው በኮምፒውተር የሚሠሩ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች መረጃቸውን ከጥፋት ለመጠበቅ ከሚመርጧቸው ዘዴዎች አንዱ መስታወታዊ አደረጃጀት ነው። በዚህ አደረጃጀት እያንዳንዱ ፋይል በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ በአንድነት ይጻፋል፤ አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሌላው ሥራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ነገሩ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውን የአበው ብሂል በቴክኖሎጂ የተረጎመ ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሁለት ዲስክ ስላላቸው ብቻ መጠባበቂያ ቅጂ ያላቸው ይመስላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እምነት የተሳሳተ መሆኑን ማሳየት፣ ከጥንዱ የተነቀለ ዲስክ የያዘውን መረጃ ማዳን የሚቻልበትን አግባብ ማስረዳትና ዕውቀቱ የቤተ ሙከራ ትምህርት አካል እንዲሆን መጠየቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ርካሽ ዲስኮችን በአንድነት አደራጅቶ የመጠቀምን ሐሳብ «ሬይድ» በሚል ስያሜ በጥናታዊ ጽሑፍ ሲያቀርቡ፣ ከዚያ በፊትም ይሠራበት የነበረውን መስታወታዊ ጥንድ በደረጃ 1 መድበውታል። የአደረጃጀቱ ተግባር ግልጽ ነው፤ አንድ ዲስክ በሚሞትበት ጊዜ ማሽኑ ሥራ እንዳያቆም ማድረግ ነው። ያለፈውን መመለስ ግን ተግባሩ ሆኖ አያውቅም።

ነገሩን በቀላል የዕድል ስሌት እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል አንድ ዲስክ በአንድ ዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ከ100 ውስጥ 2 ነው እንበል። የሁለቱ ብልሽት አንዱ ከሌላው ነፃ ከሆነ፣ ሁለቱም በዚያው ዓመት የመበላሸታቸው ዕድል ከ10,000 ውስጥ 4 ብቻ ይሆናል። ይህ ቁጥር እጅግ ያጽናናል። ነገር ግን ማባዛት የተፈቀደልን ሁለቱ ክስተቶች ነፃ ናቸው ብለን ስለ ገመትን ነው። በተጨባጭ ግን ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው፣ ከአንድ የኃይል ምንጭ ተመግበው፣ ብዙውን ጊዜም በአንድ ቀን ከአንድ መደብር ተገዝተው ይሠራሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል ድንገት ከፍ ቢል፣ ቃጠሎ ቢነሣ ወይም ሌባ ቢገባ አደጋው ለሁለቱም አንድ ነው። እንዲህ ያለው የጋራ አደጋ በዓመት ከ100 አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድል ካለው፣ ቀድሞ ካገኘነው ቁጥር 25 እጥፍ ይበልጣልና መስታወቱ ያስገኘልንን መጽናኛ ዋጋ ያሳጣዋል። የስህተት ትንተና የተማረ ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ የጋራ መንስኤ ያላቸውን ስህተቶች እንደ ነፃ መቁጠር ምን ያህል እንደሚያሳስት ያውቃል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሰው እጅ የሚያመጣው ጥፋት ነው። መስታወት በፊቱ የቆመውን ሁሉ ሳይመርጥ እንደሚያሳይ ሁሉ፣ መስታወታዊ ጥንድም የተሰጠውን ትዕዛዝ ሁሉ ሳይመርጥ ይፈጽማል። ፋይሉን ከሰረዝነው ከሁለቱም ዲስኮች በአንድ ጊዜ ይሰረዛል። በተጨማሪም መመሳሰል ራሱ ለስህተት በር ይከፍታል። የፕሮግራም ጽሑፎችን በማስቀመጥ የሚታወቀው ጊትላብ የዋና የመረጃ ቋቱን ግልባጭ በሌላ ኮምፒውተር ያኖር ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲስ የግልባጩን ይዘት የሚያጸዳ መስሎት የዋናውን ሰረዘ። ሌሎቹ የመጠባበቂያ ዘዴዎች አስቀድመው አልተፈተሹም ነበርና በችግሩ ጊዜ አልደረሱም። መረጃው በመጨረሻ የተመለሰው 6 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ለሌላ ዓላማ ከተወሰደ ቅጂ ሲሆን፣ በመካከሉ የተመዘገበው ግን ጠፍቷል።

አሁን ከጥንዱ አንዱ ዲስክ በሚነጠልበት ጊዜ ወደሚሆነው እንለፍ። ለማስረጃነት በሰን ማይክሮሲስተምስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ ክፍት የሆነውን ዜድ ኤፍ ኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት እንውሰድ። ይህ ሥርዓት በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ ሁለት በመጀመሪያው፣ ሁለት በመጨረሻው፣ በድምሩ አራት መለያዎችን ይጽፋል። መለያው ዲስኩ የየትኛው ማከማቻ አባል እንደሆነና ጓደኛው ማን እንደሆነ ይናገራል። ዲስኩ በእጅ ብቻ ከተነቀለ መለያው እንዳለ ስለሚቆይ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ለብቻው ሊከፈት ይችላል። «ስፕሊት» በተባለው ትዕዛዝ ከተለየ አዲስ ስም ያለው፣ ራሱን የቻለ ማከማቻ ይሆናል። «ዲታች» በተባለው ትዕዛዝ ከተወገደ ግን ሥርዓቱ መለያውን ዋጋ ያሳጣዋል። የመረጃው ብሎኮች በቦታቸው ቢኖሩም በተለመደው መንገድ ሊከፈቱ አይችሉም፤ ቤቱ ሙሉ ሆኖ ቁልፉ እንደጠፋ ማለት ነው። የአንድ ቃል ልዩነት ይህን ያህል ይለያያል። ቢ ቲ አር ኤፍ ኤስ የተባለው የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት በበኩሉ ጓደኛውን ያጣ ዲስክ በጎደሎነቱ እንዲከፈት ተጠቃሚው በግልጽ ካልፈቀደ በስተቀር አልከፍትም ይላል። ይህን እምቢታ አይቶ መረጃው ጠፋ ብሎ ዲስኩን እንደ አዲስ የሚያዘጋጅ ሰው፣ ያልጠፋውን በገዛ እጁ ያጠፋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ግን የተነቀለውን ዲስክ መልሶ ከጥንዱ ጋር ማገናኘት ነው። አንድ ተማሪ ዲስኩ ከተነቀለ በኋላ የመለኪያ ውጤቶቹን ከቀሪው ዲስክ ላይ በስህተት ሰረዘ እንበል። ፋይሎቹ በተነቀለው ዲስክ ላይ በሕይወት አሉ። ነገር ግን ዲስኩን ወደ ቦታው ከመለሰው፣ ሥርዓቱ «ይህ አባል ወደ ኋላ ቀርቷል» ብሎ ከቀሪው ጋር ያመሳስለዋል። ስረዛውም የማመሳሰሉ አካል ነው። ሊያድነው የነበረው ዲስክ እንደሌላው ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ የማዳኑ ሥርዓት በቅደም ተከተል ሊታወቅ ይገባል። አንደኛ፣ በተነቀለው ዲስክ ላይ ምንም ነገር አይጻፍ፤ ወደ ጥንዱም አይመለስ። ያልተለመደ ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ወዲያውኑ ይጥፋ፤ የተጎዳ ዲስክ በሠራ ቁጥር ጉዳቱ ሊብስ ይችላልና። ሁለተኛ፣ መጠኑ እኩል ወይም የሚበልጥ ሌላ ዲስክ ተዘጋጅቶ የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገልበጥ። ለዚህ ዲዲሬስኪው የተባለው ነፃ ፕሮግራም ተመራጭ ነው፤ በቀላሉ የሚነበበውን ክፍል አስቀድሞ ከወሰደ በኋላ ወደ ተጎዳው ይመለሳል። ሦስተኛ፣ ዋናውና ግልባጩ አንድ ዓይነት መለያ ስላላቸው በአንድ ኮምፒውተር ላይ በአንድነት አይሰኩ፤ ሥርዓቱ አንዱን ከሌላው ሊያምታታ ይችላል። አራተኛ፣ ሙከራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ብቻ፣ ለንባብ ብቻ በሚል ገደብ ይከናወን። አምስተኛ፣ የተገኙት ፋይሎች ወደ ሦስተኛ ዲስክ ከተቀዱ በኋላ ተከፍተው ይመርመሩ። ይህ አካሄድ ለሳይንስ ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባውም፤ ብርቅዬ ናሙና በእጁ ያለ ተመራማሪ የሚከተለው ጥንቃቄ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ መቃወሚያ ይነሣል። ዲስክ ውድ ነው፤ በሁለቱ ላይ ሦስተኛ ከየት ይመጣል የሚል ነው። በእኔ እምነት ሁለት ዲስክ ብቻ ያለው ተማሪ ወይም ቤተ ሙከራ መስታወት ባይሠራባቸው ይሻላል። አንዱ በኮምፒውተሩ ውስጥ ይሥራ፤ ሁለተኛው በየሳምንቱ ቅጂ ተወስዶበት በሌላ ሕንፃ፣ ከኤሌክትሪክ ተለያይቶ ይቀመጥ። በዚህ አሠራር ዲስክ ቢሞት ቢበዛ የአንድ ሳምንት ሥራ ይታጣል። በመስታወቱ አሠራር ግን በአንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ የሁለት ዓመት ሥራ ሊታጣ ይችላል። ይህን ስል መስታወት ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሌሊትና ቀን መሥራት ያለበት አገልጋይ ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። እንደ ዜድ ኤፍ ኤስ ያሉት ሥርዓቶችም የእያንዳንዱን ብሎክ የማረጋገጫ ድምር ስለሚይዙ፣ ከሁለቱ ቅጂዎች የትኛው እንደተበላሸ ለይተው ከጤነኛው ያርማሉ። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሆኖም የመጠባበቂያ ቅጂን ቦታ አይተካም።

መጠባበቂያ ቅጂም ቢሆን ካልተፈተነ ተስፋ እንጂ ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2021 በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ በራሱ በመጠባበቂያ ፕሮግራሙ ስህተት 77 ቴራባይት ያህል የምርምር መረጃ ተሰርዟል፤ ከተጎዱት 14 የምርምር ቡድኖች የአራቱ መረጃ ሊመለስ አልቻለም።

በመሆኑም የሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ሁለት ነገሮችን እንዲያደርጉ ሐሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ በቤተ ሙከራ ኮርስ ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ ጉዳይ ተሰጥቶ፣ ተማሪዎች ዋጋ የሌለው መረጃ በያዙ አሮጌ ዲስኮች ላይ ጥንድ እንዲሠሩ፣ አንዱን እንዲነቅሉና መረጃውን እንዲያድኑ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር ጽሑፉን ለመከላከል ከመቅረቡ በፊት፣ መረጃውን ከመጠባበቂያ ቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሶ በአማካሪው ፊት እንዲከፍት መጠየቅ ነው። የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይበልጥም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ይህን የምናደርገው ዲስኩ ገና ጤነኛ ሳለ ነው።