ሐሰተኛ ሚዛን

በሐረር ጁገል ውስጥ፥ በጊደር መጋላ፥ ሥጋ ወይም ቅመም የሚገዛ ሰው ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። ሻጩ ሚዛኑን በጣቱ ጥቂት ቢጫነው ገዢው ወዲያው ይጮኻል፤ የሰማም ሁሉ ይፈርድለታል። ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፥ ያገራችንን ኑሮና የባሕር ማዶውን ኑሮ ስናመዛዝን ግን፥ ሌላው በጣቱ የተጫነውን ዝም ብለን እንቀበላለን።

ሐሰተኛውን ሚዛን ከያዙት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁና ወቀሳውን ከራሴ እጀምራለሁ።

በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ስምንት ዓመት ኖርሁ። ሥራዬ ቀን በምግብ ቤት ሰሐን ማጠብ፥ ማታ የመሥሪያ ቤት ወለል መወልወል ነበር። ከደመወዜ የሚበልጠውን የቤት ኪራይ ይወስደዋል። ይህን ግን ለቤተ ዘመዶቼ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍሁም። የላክሁላቸው ፎቶግራፍ ነው፤ እርሱንም የተነሣሁት በመንገድ ዳር የቆመ፥ ባለቤቱን የማላውቀውን መኪና ተደግፌ ነው።

ፎቶግራፉን ያየ የአክስቴ ልጅ ትምህርቱን ተወ። አባቱ በጊደር መጋላ ቅመም ይሸጡ ነበርና፥ ከጎናቸው ተቀምጦ ሚዛን እንዲይዝላቸው ቢለምኑት፥ «እኔ የበርበሬ መዛኝ ልሆን ነውን?» ብሎ እንቢ አለ። ከዚያም በጅቡቲ በኩል ወደ የመን ሊሻገር ከደላሎች ጋራ ሄደ። እስከ ዛሬ ወሬው አልተሰማም።

ወዳገሬ በተመለስሁ ጊዜ ያ ፎቶግራፍ በአክስቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። አክስቴም፥ «ልጄ፥ መኪናህን ለማን ትተህ መጣህ?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። አልተቈጡም፤ ብቻ ተነሥተው ፎቶግራፉን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሰሐን ማጠብ ነውር ነው ማለቴ አይደለም። በላቤ የበላሁት እንጀራ ንጹሕ ነበር፤ ነውሩ መደበቁ ነው። በቶሮንቶ ወለል ሲወለውል የማያፍር ልጅ፥ በጊደር መጋላ ጆንያ ለመሸከም የሚያፍረው ስለ ምንድን ነው? ድካሙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ የሚያውቀው ሰው ማየቱ ብቻ ነው።

ሐረርም በጊዜዋ ለሌላው ሰው ባሕር ማዶ ነበረች። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ወደዚህች ከተማ የመጣው፥ ለንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነው። ለቤተ ሰቦቹ በላከው ደብዳቤም ድካሙንና መሰልቸቱን አልደበቀም። እኛ ግን ድካማችንን ደብቀን የሰው መኪና እንልካለን።

እንግዲህ ጣታችንን አንሥተን እንመዝን። በቶሮንቶ አውቶቡሱ በሰዓቱ ይመጣል፤ የሠራህበት ሰዓት ተቈጥሮ ይከፈልሃል፤ ወለል የሚወለውለውንም ሰው ማንም አይንቀውም። ይህ ልንማረው የሚገባ ነው። ነገር ግን ከደጄ ትይዩ ይኖሩ የነበሩት ሽማግሌ መሞታቸውን ያወቅሁት፥ ፍራሻቸው ወደ ውጭ ሲወጣ አይቼ ነው። በሐረር ኀዘንም ሆነ ሠርግ ሲመጣ አፎቻው ይሰበሰባል፤ ሰው ብቻውን አይቀበርም። ዳሩ ግን አፎቻ ሥራ ላጣ ወጣት ደመወዝ አይሆነውም፤ ያገራችንንም ጉድለት መሸፈን ራሱ ሌላ ሐሰተኛ ሚዛን ነው።

ስለዚህ መሄድ የሚፈልገውን ሰው አትሂድ አልለውም፤ አውቀህ ሂድ እለዋለሁ። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞቼም፥ ፎቶግራፍ ስትልኩ የእጃችሁን ሥራ አብራችሁ ጻፉ። አንተም ፎቶግራፍ ሲያሳዩህ፥ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ይሠራል? ኪራዩ ስንት ነው? ሲታመም ማን ያስታምመዋል? ብለህ ጠይቅ።

የጊደር መጋላ ገዢ ሻጩን «ጣትህን አንሣ!» ይለዋል። እኛንም እንዲሁ በለን።